የሰው ዘፈን በሰው አፍ

«ምነው ዝም ብለው ቢዘፍኑ!» አሉ ጎረቤታችን፣ የቡና ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ እየመለሱ።

ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ዘፋኝ ዓይኗን ጨፍና ድምፅዋን ወደ ላይ ልታወጣው ስትል ምስሉ ተቆረጠ። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተመቻችቶ የዘፈኑን ደራሲ ታላቅነት ያብራራ ጀመር። ሰውየው ተናግሮ ሲያበቃ ዘፈኑም አብቅቷል፤ የቀረው ጭብጨባ ነው። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ደራሲውን፣ ሊዮናርድ ኮኸንን፣ የሚያውቁት ገና በኮረዳነታቸው፣ ሸክላው ከእጅ ወደ እጅ ይዞር በነበረበት ዘመን ነው። የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሳይቀር ያውቃሉ። መሃል ገብቶ የሚያወራባቸው ሰው ቢያናድዳቸው አይፈረድባቸውም።

አጠገባቸው ኮሎ የሚቆረጥመው ወዳጃችን የደሴ ልጅ ነው፤ እዚህ ኦስሎ ትራም ይነዳል። የእሱ ቅሬታ ሌላ ነበር።

«ቆይ፣ ባለቤቱ የታለ? የሚዘፍነው ሁሉ ሌላ ሰው ነው። ሰውየው ሞቷል እንዴ?»

«ያኔ አልሞተም አባዬ» አለችው ልጁ። ተወልዳ ያደገችው ኦስሎ ነው፤ ከኮኸን ጋር የተዋወቀችው በልጆች አኒሜሽን ፊልም በኩል ነው።

«በቁሙ የመታሰቢያ ኮንሰርት? ይሄማ ሟርት ነው!»

ጎረቤታችን ምን እንደተባለ ጠየቁ፤ ልጅቱ በኖርዌይኛ ነገረቻቸው። ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን ኮስተር ብለው «እሱ መድረኩ ላይ ቢኖር ኖሮ ማን ይደፍረው ነበር?» አሉና ከራሳቸው ቤት ይዘውት የመጡትን ቫፍል፣ ቡናማውን አይብ ደርበው ለልጅቱ አቀበሏት።

ቶየን በሚባለው የከተማዋ ሰፈር፣ በረዶ መስኮቱን በሸፈነበት የክረምት ምሽት፣ አራት ሰው በተቀመጠበት ሳሎን የተነሳው ክርክር አዲስ አይደለም። ፊልሙ ለሕዝብ ከቀረበበት ከ2005 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተመልካቹ ነገር በእነዚሁ መንገዶች ተከፋፍሎ ኖሯል። ወሬው ዘፈኑን ቆረጠብን የሚሉ አሉ። ባለቤቱ ራሱ ይዝፈንልን የሚሉ አሉ። ዘፈኑን በሌላ ሰው አፍ በመስማታቸው እንደ አዲስ የወደዱትም አሉ። ሦስቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ዘፈን የማን ነው?

ፊልሙ «ሊዮናርድ ኮኸን፦ አይም ዩር ማን» ይባላል። አዘጋጇ አውስትራሊያዊቷ ሊያን ለንሰን ናት። መሠረቱ አሜሪካዊው የሙዚቃ አዘጋጅ ሃል ዊልነር ያሰናዳው የመታሰቢያ ኮንሰርት ነው። ዊልነር ኮንሰርቱን በ2003 ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ጀመረው፤ ፊልሙ የተቀረጸው ደግሞ ጥር 2005 ላይ በሲድኒ ኦፔራ ሃውስ በቀረበው ዝግጅት ነው። መድረኩ ላይ የወጡት ኒክ ኬቭ፣ ሩፈስ ዌይንራይትና እህቱ ማርታ፣ እናታቸው ኬትና አክስታቸው አና ማክጋሪግል፣ ጃርቪስ ኮከር፣ ቤት ኦርተን፣ ዛሬ አኖኒ ተብላ የምትታወቀው ዘፋኝና ሌሎችም ናቸው። ለዓመታት ከኮኸን ኋላ ቆመው ያጀቡት ፐርላ ባታላና ጁሊ ክሪስቴንሰንም አሉበት። ተቀባይ ሆነው የኖሩ ሴቶች ወደ ፊት ወጥተው ሲያቀነቅኑ ማየት በራሱ ደስ ይላል።

ኮኸን ግን ሲድኒ አልነበረም። የሚታየው ለብቻው በተቀረጸ ቃለ ምልልስ ነው፤ በዚያ ጥልቅ ድምፁ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ግጥም፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለ የዜን ቡዲስት ገዳም ስላሳለፋቸው ዓመታት ይናገራል። ገዳሙ የታይታ አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከዝና ሸሽቶ ተራራ ላይ ወጣ፤ በ1996 መነኮሰ፤ አለቃውን እያገለገለ ቆይቶ አስርቱ ዓመት ሊያልቅ ሲል ወረደ።

ተመልካች ከዚህ ፊልም ይዞ ከሚወጣቸው ታሪኮች አንዱን ሩፈስ ዌይንራይት ያወራዋል። የኮኸን ልጅ ሎርካ ጓደኛው ናት፤ እሷን ብሎ ቤታቸው ሲሄድ ታላቁን ሰው በውስጥ ሱሪ ያገኘዋል። ከጎጆዋ የወደቀች ጫጩት ወፍ አንስቶ፣ ቋሊማ እያኘከ፣ ያኘከውን በስንጥር ያጎርሳት ነበር። ቆየት ብሎ ገባና ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ነው ሩፈስ ማን ቤት እንደገባ የገባው። የእኛ ሳሎን በዚህኛው ወሬ ቅር አልተሰኘም። ጎረቤታችን እንኳ «እንዲህ ያለውንስ ያውሩ» ብለው ፈቀዱ።

ያልፈቀዱት ዩ ቱ የተባለው የሮክ ባንድ አባላት ሲመጡ ነው። ኤጅ የተባለው ጊታር ተጫዋች ኮኸንን ጽላት ይዞ ከተራራ ከወረደ ነቢይ ጋር ያመሳስለዋል። የባንዱ ዘፋኝ ቦኖም ከዚያ አይተናነስም። ሙገሳው በየአገሩ ብዙ ተመልካች ያስመረረ ነው፤ እኔም ከተማረሩት ወገን ነኝ። ሰውየውን ያስወደደን ራሱን ዝቅ ማድረጉ፣ ከባዱን ነገር በቀልድ ማለፉ ነው፤ በራሱ ላይ እንዲህ የሚቀልድን ሰው ሙሴ ማድረግ ዘፈኖቹን ካለመስማት አይለይም። ለንሰን የምስል ጌጥ አብዝታለች፣ ካሜራውንም ዝም አላስባለችውም የሚለው ወቀሳም እውነት አለው። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ግን ኮኸን ራሱ፣ ኒውዮርክ በሚገኘው ስሊፐር ሩም በሚባል ጠባብ የምሽት ቤት፣ ከዩ ቱ ጋር አንድ ዘፈን ይጫወታል። ባርኔጣ ደፍቷል፤ ዕድሜው ሰባን አልፏል። ትራም ነጂው ኮሎውን ተወ። «አሃ፣ ይሄ ነው እንዴ!» አለ።

ኮንሰርቱ ሲድኒ ላይ ሲደምቅ ኮኸን የጡረታ ገንዘቡ እንደሌለ ያወቀበት ሰሞን ነበር። የቀድሞ ሥራ አስኪያጁ ከአምስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስዳበታለች ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2006 ዘጠኝ ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍለው ወሰነ፤ ገንዘቡ ግን ሊመለስለት አልቻለም። ዓለም ዘፈኖቹን እያነሳ ሲያለቅስ ደራሲው በስተርጅና ባዶ እጁን ነበር። በ2008፣ በ73 ዓመቱ፣ ጓዙን ጠቅልሎ መንገድ ወጣ፤ እስከ 2013 መጨረሻ ድረስም ከአገር አገር እየዞረ ሲዘፍን ኖረ። ኦስሎም መጥቷል። በዚያ የመታሰቢያ ፊልም ላይ «ባለቤቱ የታለ?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ ከሦስት ዓመት በኋላ መልሱን ትኬት ቆርጦ አገኘው።

*

«ባለቤቱ የታለ?» የሚለው ጥያቄ ኮኸን ላይ ሲነሳ ግን ትንሽ ይከብዳል። ሰውየው የጀመረው ለሌሎች ግጥም በመስጠት ነውና። ከካናዳ፣ ከሞንትሪያል የወጣ ባለቅኔ ነበር፤ የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉን ያሳተመው በ1956 ነው። ልብ ወለዶችም ጻፈ፤ ብዕር እንጀራ አልሆንለት ሲል ወደ ዘፈን ዞረ። «ሱዛን»ን መጀመሪያ በሸክላ ያስቀረጸችው በ1966 ጁዲ ኮሊንስ ናት። እሱን ወደ መድረክ የገፋችውም እሷው ነች። በ1967 ኒውዮርክ ውስጥ «ሱዛን»ን ጀምሮ ግማሽ ላይ ሲደርስ ፍርሃት ያዘውና መድረኩን ጥሎ ወረደ። ኮሊንስ ይዛው ተመለሰች፤ አብረው ጨረሱት። የዚያኑ ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያ አልበሙ ሲወጣ 33 ዓመቱ ነበር፤ ለጀማሪ ዘፋኝ ሽምግልና ነው። የ«ሱዛን» የባለቤትነት መብትም ገና በጠዋቱ፣ በአንድ ፊርማ፣ ከእጁ ወጥቷል።

«ሃሌሉያ»ን ተመልከቱ። በ1984 በወጣው አልበሙ ውስጥ ያለ ዘፈን ነው። የሙዚቃ ኩባንያው አለቆች አልበሙን ሰምተው ለአሜሪካ ገበያ አይሆንም አሉ። ዘፈኑ ተዳፍኖ ቀረ። በ1991 አንድ የፈረንሳይ መጽሔት ለኮኸን ክብር የመታሰቢያ አልበም ሲያዘጋጅ ዌልሳዊው ጆን ኬል ያን ዘፈን መረጠና ግጥሙን እንዲልክለት ኮኸንን ጠየቀ። በፋክስ 15 ገጽ መጣለት። ከዚያ ሁሉ ስንኝ የሚመቸውን መርጦ በፒያኖ ተጫወተው። የኬልን አዘፋፈን የሰማው ወጣቱ ጄፍ በክሊ በ1994 በራሱ ድምፅ ሠራው። በ2001 ደግሞ «ሽሬክ» የተባለው የልጆች ፊልም ውስጥ ገባ፤ የትራም ነጂው ልጅ የሰማችው እዚያ ነው። በአጭሩ፣ አለቆቹ የጣሉትን ዘፈን ከመቃብር ያወጣው የመታሰቢያ አልበም ነው። ኦሪጅናሉ ካልሆነ አልሰማም የሚል ተመልካች ይህንን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ኖርዌይ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሩቅ አገር አይደለችም። የኮኸን «አይም ዩር ማን» አልበም በ1988 ሲወጣ እዚህ አገር ለ16 ሳምንታት የሽያጭ ሰንጠረዡ አናት ላይ ተቀምጧል። በ1993 ዘፈኖቹ ወደ ኖርዌይኛ ተመልሰው በአገሬው ድምፃውያን ተዘፈኑ፤ አልበሙ እስካሁን ከየቤቱ አይጠፋም። የለንሰን ፊልም በየሲኒማው ሲዞር በነበረበት በ2006 ደግሞ ኩርት ኒልሰን፣ ኤስፐን ሊንድ፣ አለሃንድሮ ፉየንተስና አስኪል ሆልም የተባሉ አራት ድምፃውያን «ሃሌሉያ»ን በጋራ ዘፍነው አገሩን አዳረሱት። ጎረቤታችን አራቱን ልጆች አይወዷቸውም። «ዘፈኑን ሠርግ አደረጉት» ይላሉ። የሆነ ሆኖ ሰዉ በሠርጉም በቀብሩም ይዘፍነዋል።

ሕዝብ የሰውን ዘፈን እንዴት የራሱ እንደሚያደርግ ማየት ለሚፈልግ ግን ኦስሎ ከኮኸንም የበለጠ ምስክር አላት። በሐምሌ 2011 አንድ ቀኝ አክራሪ 77 ሰው ገደለ፤ አብዛኞቹ ኡትያ በምትባለው ደሴት የተሰበሰቡ ወጣቶች ናቸው። በቀጣዩ ሚያዝያ ችሎት ላይ ቆሞ፣ የኖርዌይ ልጆች በመዋዕለ ሕፃናት የሚማሩትን አንድ መዝሙር ስም ጠርቶ፣ አእምሮ ማጠቢያ ነው አለ። መዝሙሩ የአሜሪካዊው የፒት ሲገር ነው፤ በ1970ዎቹ ወደ ኖርዌይኛ የመለሰው በኦስሎ እጅግ የሚወደደው ግጥምና ዜማ ደራሲ ሊለቢየርን ኒልሰን ነው። ሚያዝያ 26 ቀን 2012፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ሰው ዩንግስቶርገት አደባባይ ተሰበሰበ። ኒልሰን ጊታሩን ይዞ ወጣ፤ ሕዝቡ ጃንጥላ እንደያዘ አብሮት ዘፈነ። ከዚያ ጽጌረዳ ይዘው ወደ ፍርድ ቤቱ ሄዱ። ያን ቀን ይህ የአሜሪካኖች ዘፈን ነው ያለ ሰው አልነበረም። ኒልሰን በጥር 2024 አረፈ።

*

ኦስሎ ኮኸንን የምትሰማበት ጆሮ ከሌላው ከተማ የሚለየው ግን በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። ማሪያን ኢህለን በ1935 ላርኮለን በሚባል የባሕር ዳርቻ ተወልዳ ኦስሎ ያደገች ናት። ደራሲውን አክሰል የንሰንን ተከትላ ሂድራ ወደምትባል የግሪክ ደሴት ሄደች። ወንድ ልጅ ወለደች፤ ብዙም ሳይቆይ የንሰን ጥሏት ሄደ። በ1960 ኮኸን ደሴቲቱ ላይ በ1,500 ዶላር ቤት ገዝቶ ነበር። ሁለቱ ተገናኙ፤ ፍቅራቸው በየመሃሉ እየተቆራረጠም ቢሆን አስርቱን ዓመት ዘለቀ። በ1969 የወጣው የሁለተኛ አልበሙ ጀርባ ላይ፣ ፎጣ ብቻ አገልድማ፣ የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀምጣ ፈገግ የምትለው እሷ ናት። ደሴቲቱ ላይ የስልክ ሽቦ በተዘረጋ ሰሞን ኮኸን ተክዞ መስኮት ዳር ተቀምጦ ሳለ ወፎች ሽቦው ላይ ሲያርፉ አይታ ጊታሩን ያቀበለችውና ዘፈን ጻፍባቸው ያለችውም እሷ ነች። ጽፎባቸዋል። ስሟን የያዘውንም ዘፈን ዓለም ያውቀዋል።

ማሪያን ከዚያ በኋላ ኦስሎ ተመለሰች፤ አገባች፤ ቢሮ ገብታ ሠራች። ትራም ተሳፍራ የምትሄድ፣ ሱቅ የምትገባ ሴት ነበረች። ጋዜጠኛዋ ካሪ ሄስትሃማር ለኖርዌይ ብሔራዊ ሬዲዮ ታሪኳን በራሷ አንደበት እንድታወራ አደረገቻት፤ በ2008 ደግሞ መጽሐፍ አድርጋ አሳተመችው። በ2024 ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኗል። ለኦስሎ ሰው እንግዲህ የኮኸን ዘፈን የጎረቤት ወሬም ነው።

እንግሊዛዊው ኒክ ብሩምፊልድ በ2019 ስለ ሁለቱ የሠራው ዘጋቢ ፊልም ይህን ወሬ ለዓለም አወጣው። ብሩምፊልድ ራሱ በወጣትነቱ ሂድራ ላይ የማሪያን ወዳጅ ነበር፤ ይህንንም ፊልሙ ውስጥ አልደበቀም። በዚህ የተነሳ አንዱ ተመልካች ሐቀኛ ሲለው ሌላው በሰው ታሪክ ውስጥ ራሱን ወሸቀ ይለዋል። ሴትየዋ ፊልሙ መሃል ላይ ሲደርስ ጠፍታ ኮኸን ብቻውን ይቀራል የሚለው ቅሬታም አለ፤ ይህኛው ትክክል ይመስለኛል። ፊልሙ ውስጥ ማሪያን ነጭ ፀጉር ሆና፣ ኮኸን በመጨረሻዎቹ የጉዞ ዓመታቱ ኦስሎ ባቀረበው ኮንሰርት ላይ ፊት ወንበር ተቀምጣ፣ የራሷን ስም የያዘውን ዘፈን አብራ ስትል ትታያለች። ማንም ሳይቆርጥባት።

ከሁሉ በላይ ያከራከረው ሌላ ትዕይንት ነው። በሐምሌ 2016 ማሪያን በደም ካንሰር ታምማ ኦስሎ በሚገኘው ዲያኮንየመት ሆስፒታል ተኛች። ወዳጇ የፊልም ባለሙያው ያን ክርስቲያን ሞለስታድ ለኮኸን ኢሜይል ላከለት። በሁለት ሰዓት ውስጥ መልስ መጣ። ሞለስታድ አልጋዋ አጠገብ ሆኖ አነበበላት፤ እኔም ከኋላሽ ብዙ አልርቅም፣ እጅሽን ብትዘረጊ ትደርሽብኛለሽ የሚል መንፈስ ያለው ስንብት ነው። ሐምሌ 28 ቀን ዓይኗን ስትከድን የወፎቹን ዜማ አንጎራጎረላት። ኮኸን ደግሞ የዚያኑ ዓመት ኅዳር 7 ቀን በ82 ዓመቱ ተከተላት።

ደብዳቤው ሲነበብላት የሚያሳየው ምስል በብሩምፊልድ ፊልም ውስጥ አለ። ጎረቤታችን ይህንን አላዩም፤ ማየትም አይፈልጉም። «ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ያለ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ፤ በር ዘግተን ነው የምንወጣው» አሉ። ትራም ነጂው አልተስማማም። «እኛ አገር ሰው ሲሞት ቤቱ በሰው ይሞላል እንጂ በር አይዘጋም። ደስ ብሏት ሄደች» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ለዚህ ነው ያ ትዕይንት ሲያነታርክ የሚኖረው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው የደብዳቤው ቃል ኮኸን የጻፈው አይደለም። ሞለስታድ ለካናዳ ሬዲዮ በቃሉ ያስታወሰውን ተናገረ፤ ያ እንዳለ ተገልብጦ ተሰራጨ። ትክክለኛው ኋላ ሲወጣ ከእሱ የተለየ ነበር። ብዙ ሰው ግን የለመደውን የሞለስታድን ይመርጣል። ለኮኸን የስንብት ደብዳቤውም እንደ ዘፈኖቹ በሰው አፍ ሆነለት።

*

ፊልሙ ሲያልቅ ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ትራም ነጂው ለጎረቤታችን ጥላሁን ገሠሠን በስልኩ አስደመጣቸው። አዳመጡና እንደ ወጉ ጠየቁ፤ «ግጥሙን የጻፈው ማን ነው?»

ዝም አልን። እርስ በርስ ተያየን። ዘፈኑን እያንዳንዳችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እናውቀዋለን።

እኛ ዘንድ ዘፈን የዘፋኙ ነው። «የጥላሁን ዘፈን»፣ «የብዙነሽ»፣ «የማሕሙድ» እንላለን። ሻምበል አፈወርቅ ዮሐንስ በክቡር ዘበኛ ዘመን ስንቱን ግጥም እንደጻፈ፣ ኮሎኔል ሳህሌ ደጋጎ ስንቱን ዜማ እንደሠራና እንዳቀናበረ የሚያውቅ ያውቃል፤ አብዛኛው አድማጭ ግን አያውቅም። በካሴት ዘመን ሽፋኑ ላይ በደቃቅ ፊደል ግጥም ይልማ ገብረአብ፣ ዜማ አበበ መለሰ፣ ሙዚቃ ሮሃ ባንድ ይባል ነበር። ዛሬ ያ ሽፋንም የለም፤ ዘፈኑ ኢንተርኔት ላይ የዘፋኙን ፎቶ ብቻ ይዞ ይዞራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት፣ ጥላሁን ሲያርፍ አዲስ አበባ ነቅላ ወጥታ አለቀሰች፤ ክብሩ ይገባዋል። ያን ሁሉ ቃል አፉ ውስጥ ያስቀመጡት ሰዎች ስም ግን ከአልቃሹ ስንቱ አፍ ላይ ነበር?

ሕጉ ደራሲውን ያውቀዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለሥራው አመንጪ መብት ይሰጠዋል። የአድማጩ ልማድ ነው የማያውቀው።

የግርማ በየነ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ለኮኸን ይቀርባል። በ1960ዎቹና 70ዎቹ በአዲስ አበባ ከነበሩት ዋነኛ አቀናባሪዎችና ዜማ ደራሲዎች አንዱ ነው፤ በራሱ ድምፅ በሸክላ የተወው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄደ፤ እዚያው ቀረ፤ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠራ። የፈረንሳዩ አካሌ ውቤ የተባለው ባንድ አስነስቶት በ2017 አዲስ አልበም አወጣ፤ ፖላንዳዊው ማቼክ ቦክኒያክ ስለ ኢትዮፒክስ የአልበም ተከታታይ በሠራው ዘጋቢ ፊልምም ታሪኩ ተነገረ። ፊልሙ ያስደስታል፤ ያሳፍራልም። አልበሙን ያስነሱት ፈረንሳዮች፣ ፊልሙን የሠሩት ፖላንዶች ናቸው።

ጎረቤታችን «ምነው ዝም ብለው ቢዘፍኑ» ሲሉ ወሬው ስለተትረፈረፈላቸው ነው። ኮኸን ስለ እያንዳንዱ ዘፈኑ ተጠይቆ የመለሰው፣ የተጻፈለት መጽሐፍ፣ የተቀረጸለት ፊልም ለመቶ ዓመት ይበቃል። ይህ ቅሬታ የጥጋብ ቅሬታ ነው። እኛ የጎደለን እሳቸው የጠሉት ያ ወሬ ነው። ያ ግጥም በየትኛው ሌሊት ተጻፈ? ለማን ነበር? ሳንሱሩ የቱን ስንኝ አስወጣ? ዘፋኙስ የቱን ቃል ቀየረ? በየሬዲዮው ተበታትኖ የሚገኝ ቃለ ምልልስ አለ፤ ደራሲውን መሃል ላይ አስቀምጦ፣ ሌሎች ዘፋኞች ሥራውን በየራሳቸው መንገድ እየተጫወቱለት፣ እሱ እየሰማ የሚሠራ ሙሉ ፊልም ግን ብርቅ ነው። ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም እንዲሉ፣ ስናዘጋጅም ከሞተ በኋላ ነው። በቁም ማመስገን ሟርት አይደለም፤ ትራም ነጂውም በመጨረሻ ይህን አምኗል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የቴሌቪዥን ባለሙያዎች፣ የሙዚቃ ማኅበራት አባላት፣ የፊልም ተማሪዎች፦ የግጥምና ዜማ ደራሲዎቻችንን በሕይወት እያሉ ቅረጿቸው። ለኮንሰርቱ ስፖንሰር እስኪገኝ አትጠብቁ፤ አንድ ካሜራ፣ አንድ ወንበርና ዘፈኖቹን የሚያውቅ ጠያቂ ይበቃል። ቤተሰቦቻቸውም በእጅ የተጻፈውን ደብተር አትጣሉ። እኛ አድማጮች ደግሞ ዘፈን በስልክ ስንለዋወጥ ከዘፋኙ ስም አጠገብ የደራሲውን ስም እንጻፍ።